የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ቋንቋን ካርታ ላይ ማስፈር

ጥያቄ፦ የጂኦግራፊ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የደቡብና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን የቋንቋ ካርታ እየሠራሁ ነው። የዞንና የወረዳ ወሰኖችን አውጥቼ እያንዳንዱን ወረዳ በሚታወቅበት ሕዝብ ቋንቋ ቀለም ቀባሁት። አማካሪዬ ግን «ይኼ የአስተዳደር ካርታ ነው፤ የቋንቋ ካርታ አምጪ» ብለው መለሱልኝ። የሳትኩት ምኑን ነው? (ከጅማ)

መልስ፦ አማካሪዎ እውነታቸውን ነው። የሳቱት ወሰንን፣ ብሔረሰብንና አፍ መፍቻ ቋንቋን እንደ አንድ ነገር መውሰድዎ ላይ ነው። የሕዝብና ቤት ቆጠራው ራሱ ለይቶ ነው የጠየቀው፤ ብሔረሰብ አንድ ጥያቄ፣ አፍ መፍቻ ቋንቋ ሌላ ጥያቄ። ሁለቱ መልሶች ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማየት አዲስ አበባን ይውሰዱ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አማራ ነኝ ያለው የከተማዋ ነዋሪ 47 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ አፍ የፈታሁት በአማርኛ ነው ያለው ግን 71 በመቶ ገደማ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ደግሞ ቅማንት ነኝ ያለው ሕዝብ 172 ሺ ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ቅማንትኛን አፍ መፍቻዬ ያለው 2 ሺ እንኳ አልሞላም። አርጎባም እንዲሁ ነው፤ በዚያው ቆጠራ ከ60 ሺ በላይ ሰው አርጎባ ነኝ ሲል፣ በቋንቋው አፉን የፈታው ከ10 ሺ እምብዛም አይበልጥም። እንግዲህ ብሔረሰብን ቀብቶ «የቋንቋ ካርታ» የሚል ርእስ የሰጠ ሰው፣ በመጥፋት ላይ ያለውን ቋንቋ ደኅና ነው ብሎ እየመሰከረ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት በስሙ ወረዳ የሌለው ቋንቋ ላይ የሚደርሰው ነው። ሻቦዎች በሸካና በመዠንግር ደኖች ውስጥ ከመዠንግርና ከሸከቾ ሕዝብ ጋር ተሰባጥረው ይኖራሉ። ቋንቋቸው ከየትኛው ቤተሰብ እንደሚመደብ ሊቃውንቱ እስካሁን አልተስማሙበትም። ኦንጎታን የሚናገሩት ደግሞ በወይጦ ወንዝ ዳር ያሉ በጣት የሚቆጠሩ አዛውንት ናቸው፤ ልጆቻቸው ወደ ጻማይ ቋንቋ ተሻግረዋል። በእርስዎ አሠራር ሁለቱም ካርታው ላይ አይኖሩም። በሳይንስ ረገድ ግን ከአካባቢው ቋንቋዎች ሁሉ ይበልጥ አስቸኳይ የሆኑት እነሱ ናቸው።

ማስተካከያው የሚጀምረው ከመረጃው ነው። የ1999ኙን ቆጠራ የሚጠቀሙ ከሆነ ወሰኑም የዚያን ጊዜ ይሁን። ከዚያ ወዲህ ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ክልል ሆነዋል፤ የቀረውም በ2015 ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ተከፍሏል። ብዙ ወረዳዎችም ለሁለት ለሦስት ተሰንጥቀዋል። የድሮውን ቁጥር ከአሁኑ ወሰን ጋር በስም ካጋጠሙ፣ አንደኛው ወረዳ የሁለቱን ሕዝብ ይወስድና ሌላው ባዶ ሆኖ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ስሕተት ነው ብሎ አይነግርዎትም። በስም ማጋጠም በስም መለያየትና በፊደል አጻጻፍም ይከሽፋል፤ «ጊሚራ»ና «ቤንች»፣ «ደራሼ»ና «ዲራሼ» ለማሽን የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወረዳ ቋሚ መለያ ቁጥር ይስጡና በእሱ ያጋጥሙ።

ቀጥሎ ሙሉ ቅቡን ትተው በነጥብ ይሥሩ። አንድ ነጥብ 1,000 ተናጋሪ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ቀለም ይሰጥና ነጥቦቹ በወረዳው ውስጥ ይበተኑ። ሁለት ቋንቋ ያለበት ቦታ ራሱ ተደበላልቆ ይታያል። ኪውጂአይኤስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ነጥቦቹን በዘፈቀደ ይበትናቸዋል። ከዚያ በፊት ግን ሐይቆችን፣ ፓርኮችንና ሰው የማይኖርበትን ገደላገደል ከወረዳው ቅርጽ ቆርጠው ያውጡ፤ ያለዚያ ዓባያ ሐይቅ መሐል ሰው ያሰፍራሉ። በዚህ ስሌት 400 ተናጋሪ ያለው ቋንቋ አንድ ነጥብ እንኳ ስለማይደርሰው፣ ከ1,000 በታች ለሆኑት ሁሉ የተለየ ምልክት፣ ለምሳሌ ጥቁር ሦስት ማዕዘን ያስቀምጡና ስማቸውን ከጎኑ ይጻፉ። የወረቀቱንም መጠን አስቀድመው ያስቡ። በ1፡2,000,000 ካርታ ላይ 1 ሚሊሜትር 2 ኪሎሜትር ነው። የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶችና የዛይ ቋንቋቸው በዚህ መጠን አይታዩም፤ ማዕዘን ላይ ጎላ ያለ ትንሽ ካርታ ይፈልጋሉ።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ቀላል ነገር አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 46 ክልሎች የሚዋቀሩት በሕዝብ አሰፋፈር፣ በቋንቋ፣ በማንነትና በፈቃድ ላይ ተመሥርተው ነው ይላል። ስለዚህ በእኛ አገር በቋንቋ ካርታ ላይ የሚሰመር ቀጭን መስመር የመሬት ይገባኛል ሆኖ ይነበባል። ሁለት ቋንቋ በሚቀላቀልበት ቦታ መስመር አያስምሩ። ከካርታው ሥር የተጠየቀውን ጥያቄ ቃል በቃል፣ ዓመቱንና የዘመን አቆጣጠሩን ይጻፉ። «የ1987 ቆጠራ» እና «የ1994 ቆጠራ» አንድ ቆጠራ መሆናቸውን ያላወቀ ሰው፣ በሰባት ዓመት ሁለት ጊዜ ተቆጠረ ብሎ የለውጥ ግራፍ ሊሠራ ይችላል።

ጥያቄ፦ በደቡብ ኦሞ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን ባለበት ቀበሌ ቢያንስ አራት ቋንቋ ይነገራል። ከቆጠራው ቁጥር ውጪ ራሳችን መረጃ ለመሰብሰብ አስበናል። ምን እንጠይቅ? ስንት ሰው ይበቃል?

መልስ፦ መጀመሪያ «ቋንቋህ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ይተዉት። ይህን የተጠየቀ ሰው የሚመልሰው ማንነቱን ነው። በቦታው በቦታው ይጠይቁ፦ አፍዎን የፈቱት በምን ቋንቋ ነው? ከእናትዎ ጋር በምን ያወሩ ነበር? ከባለቤትዎ ጋርስ? ከልጆችዎ ጋርስ? ልጆቹ እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ በምን ነው? ገበያ ላይስ፣ በጸሎት ቦታስ? ከእነዚህ ሁሉ ትልቁን ነገር የሚናገረው የልጆቹ ጨዋታ ነው። ወላጅ ለልጁ በአንድ ቋንቋ ተናግሮ ልጁ በሌላ የሚመልስ ከሆነ፣ ቋንቋው በዚያ ቤት አንድ ትውልድ ነው የቀረው።

ለአንድ ቀበሌ 30 አባወራ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከአንድ ጎጥ ብቻ ግን አይውሰዱ። የጎጦቹን ዝርዝር ከቀበሌው ይያዙ፤ በየጎጡ ያለውን ቤት በግምት ቆጥረው በእኩል ርቀት ይምረጡ፤ ለምሳሌ 150 ቤት ካለና 30 ከፈለጉ በየአምስተኛው ቤት። መንገድ ዳር ያሉትን ብቻ መጠየቅ የተለመደ ጥፋት ነው። መንገድ ዳር ያለው ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ አማርኛ ከልኩ በላይ ይገናል። በገበያ ቀን አይሂዱ፤ ቤት የሚቀሩት ሕፃናትና ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ለአርብቶ አደሩ ደግሞ ወቅቱን ይመዝግቡ። ዳሰነችም ሆነ ኛንጋቶም ከብቱን ተከትሎ ስለሚንቀሳቀስ፣ በበጋ የተወሰደ ነጥብ በክረምት ባዶ መሬት ሊሆን ይችላል። አንዱን ማኅበረሰብ በሁለት ወቅት በሁለት ነጥብ ማስፈር ተገቢ ነው፤ ቁጥሩን ግን ሁለት ጊዜ አይደምሩ።

የቤቱ አባወራ ለሁሉም እንዲመልስ አይፍቀዱ። ከሌላ ቋንቋ አካባቢ ተድረው የመጡ ሴቶች በብዙ ቤት አሉ፤ ባልየው «ሁላችንም የእኛን ነው የምንናገረው» ይልና የእናትየው ቋንቋ ከመዝገብ ይጠፋል። እርሷን ለብቻ፣ ቢቻል በሴት ጠያቂ ያነጋግሯት። ጠያቂው ራሱ ማን እንደሆነም መልሱን ይለውጠዋል። ከወረዳ ጽሕፈት ቤት የመጣ የሚመስል ሰው ሲጠይቅ ብዙዎች የትምህርት ቤቱን ወይም የጽሕፈት ቤቱን ቋንቋ ይጠራሉ። ስለዚህ የጠያቂውን ቋንቋና ጾታ ለመመዝገብ በቅጹ ላይ ቦታ ይኑር።

የቦታ ነጥብ የሚወሰደው ከቤት ውጪ ነው፤ ከቆርቆሮ ጣሪያና ከትልቅ ዛፍ ሥር ይራቁ። ስልኩ ስሕተቱ ከ10 ሜትር በታች መሆኑን እስኪያሳይ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። በዲግሪ አስርዮሽ ይመዝግቡ፤ አምስት አኃዝ ከነጥቡ በኋላ ይበቃል፣ እሱም አንድ ሜትር ያህል ማለት ነው። ኬክሮስና ኬንትሮስን ማቀያየር ሁልጊዜ የሚያጋጥም ነው። የኢትዮጵያ ኬክሮስ ከ3 እስከ 15፣ ኬንትሮሷ ከ33 እስከ 48 ስለሆነ፣ ቅጹ ከዚህ ክልል ውጪ የሆነ ቁጥር እንዳይቀበል አድርገው ይሥሩት። አዲስ አበባን ገልብጠው ቢያስገቡ ነጥቡ ከሰርዴንያ ደሴት በስተደቡብ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ነው የሚያርፈው።

የቤቶቹን ነጥብ ግን ለማንም አይስጡ። ማን ቤት በምን ቋንቋ እንደሚወራ የሚያሳይ ካርታ በግጭት ጊዜ ሰው ያስገድላል። ለኅትመት ወደ ጎጥ ወይም ወደ ቀበሌ ደምረው ያቅርቡ፤ ዋናውን መዝገብ ከስም ለይተው በይለፍ ቃል ይቆልፉ።

ጥያቄ፦ አንዱ 80፣ ሌላው 85፣ ሌላው ከ90 በላይ ይላል። በኢትዮጵያ ያሉት ቋንቋዎች ስንት ናቸው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቁጥሮቹ የሚለያዩት መደመር ስላቃተ አይደለም። አንዱ ቋንቋ የሚለውን ሌላው የአንድ ቋንቋ ዘዬ ስለሚለው ነው። ዓለም አቀፉ ባለሦስት ፊደል የቋንቋ ኮድ አፋን ኦሮሞን አንድ ትልቅ ቋንቋ ብሎ ከሥሩ አራት ይዘረዝራል፤ የምዕራብና የመካከለኛው፣ የምሥራቁ፣ የቦረና-አርሲ-ጉጂ፣ እንዲሁም ኬንያ ውስጥ ያለው ኦርማ። አንድ ብለው ቢቆጥሩና አራት ብለው ቢቆጥሩ ድምሩ ይለያያል። ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮም አንድ ኮድ ነበራቸው፤ በኋላ ለሦስት ተከፈሉ። ያን ጊዜ የተጨመረ ተናጋሪ የለም።

የራሳችን ቋንቋም ያሳስተናል። በሕዝብ ስም ላይ «ኛ» እንጨምርና ቋንቋ እናደርገዋለን፤ ጉራጌ ካለ ጉራጌኛ አለ። ይህች አንዲት ቅጥያ እያንዳንዱ ሕዝብ አንድ ቋንቋ ብቻ እንዳለው አድርጋ ታስቆጥረናለች። ቸሃ፣ እዣና ጉመር እርስ በርስ በደንብ ይደማመጣሉ፤ እነሞር ራቅ ይላል፤ ክስታኔ ደግሞ እነዚህ ካሉበት ከሰባት ቤት ጉራጌ በሌላ ቅርንጫፍ ነው የሚመደበው። «ጉራጌኛ» ብሎ በአንድ ቀለም የቀባ ካርታ ይህን ሁሉ ይሸፍናል። ስልጤም ለረጅም ጊዜ በዚያው ስም ሥር ተቆጥሮ፣ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ማንነቱን ለይቷል። በቋንቋው ደግሞ ከሐረሪና ከዛይ ጋር ነው ይበልጥ የሚዛመደው።

ታዲያ መለኪያው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1968 እና 1969 በተካሄደው የኢትዮጵያ የቋንቋ ጥናት ዘመን የተስፋፋው ዘዴ መቶ ያህል መሠረታዊ ቃላትን ማነጻጸር ነበር። ዛሬም መነሻው ይኸው ነው። የሚመሳሰሉት ቃላት ከ60 በመቶ በታች ከሆኑ የተለያዩ ቋንቋዎች ናቸው ተብሎ ይወሰዳል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ቃል መቁጠር አይበቃም፣ መደማመጥን መፈተን ያስፈልጋል። የቃል ዝርዝሩም ወጥመድ አለው። በአማርኛ «እጅ» ብለው ሲጠይቁ አንዱ መዳፉን ከነጣቶቹ፣ ሌላው እስከ ትከሻው ያለውን አስቦ ሁለት የተለያየ ቃል ይሰጣል። «እግር»ም እንዲሁ ነው። በብዙዎቹ ቋንቋዎች ደግሞ ሰው የአካል ክፍልን ያለ ባለቤት አይጠራም፤ እርስዎ «ዓይን» ብለው የመዘገቡት «ዓይኔ» ወይም «ዓይንህ» ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቃል ከሦስት ሰው ይውሰዱ፣ በጣት ከማሳየት ጋር በዐረፍተ ነገር ያስገቡት፣ በረዶ የማይታወቅበት አገር ስለ በረዶ አይጠይቁ። ቅጂው ያልተጨመቀ የዌቭ ፋይል ይሁን። በስልክ የሚላላኩት የድምፅ መልእክት ተጨምቆ ስለሚመጣ «ጸ»ን ከ«ጨ»፣ «ሰ»ን ከ«ሸ» ለመለየት የሚረዳውን ቀጭን ድምፅ ይቆርጠዋል።

የመደማመጥ ፈተናው እንዲህ ነው። ከመንደር «ሀ» የሁለት ወይም የሦስት ደቂቃ ታሪክ ይቀዳል፤ አሥር ጥያቄዎች ይወጡለታል። መጀመሪያ እዚያው መንደር «ሀ» ያሉ ሰዎች ይፈተኑበታል። እነሱ የሚስቱት ጥያቄ ካለ የተበላሸው ጥያቄው ነው፤ ይውጣ። ከዚያ በመንደር «ለ» ቢያንስ አሥር ሰው ለየብቻ ያዳምጣል። ከአማካዩ ይልቅ ስርጭቱን ይመልከቱ። ሁሉም 8 ወይም 9 ካገኙ ቋንቋዎቹ በእውነት ይቀራረባሉ። ግማሾቹ 10፣ ግማሾቹ 3 ካገኙ ግን ያወቁት በገበያና በጋብቻ ተምረውት ነው፤ አማካዩ 6 ተኩል ቢልም ትርጉም የለውም።

መለኪያው ምንም ቢል የተናጋሪው ፈቃድ ይቀራል። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ በቃላቸው እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። ይህን ይዞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓ.ም.) «ወጋጎዳ» የተባለ የአራቱ ቅልቅል የመማሪያ መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፎቹም ተሰበሰቡ። የቃላት መቶኛ ስለ ቅርበት ይነግረናል እንጂ ሕዝብ በምን ስምና በምን ጽሑፍ መማር እንደሚፈልግ አይነግረንም። ስለዚህ የእኛ መልስ፦ ከ80 በላይ ይበሉና ከጎኑ ማን እንደቆጠረ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ በአንድ ካርታ ላይ «ማኦ» በሁለት ቀለም ሁለት ቦታ ተጽፎ አየሁ። የኅትመት ስሕተት ነው? (ከአሶሳ)

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። «ማኦ» የሚለው ስም የማይዛመዱ ቋንቋዎችን ይሸፍናል። የባምባሲ ማኦ፣ ሆዞና ሴዞ ከኦሞቲክ ቤተሰብ ናቸው፤ ጓማ ደግሞ ከኮሞና ከኦፖ ጋር ኮማን በተባለ ሌላ ቤተሰብ ይመደባል፤ ጎረቤቱ ግን ጓማዎችንም ማኦ ይላቸዋል። «ወይጦ»ም እንዲሁ ነው፤ አንዱ የጣና ዳር ሕዝብ ሲሆን የቀድሞ ቋንቋው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራል፤ ሌላው በደቡብ ያለው ወንዝ ነው። «ሶዶ» ስንልም የወላይታን ከተማ ወይም የክስታኔ ጉራጌን አገር ማለታችን ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ በመዝገቡ ላይ ሦስት ዓምድ መክፈት ነው፦ ተናጋሪዎቹ ራሳቸውን የሚጠሩበት፣ ቋንቋቸውን የሚጠሩበት፣ ጎረቤት የሚጠራቸው። ካርታው ላይ የሚጻፈው ሁለተኛው ነው። በድሮ ካርታዎች ያሉት እንደ «ወላሞ»ና «ጃንጀሮ» ያሉ ስሞች ሕዝቡ የማይቀበላቸው ስለሆኑ፣ የቆየ ሰነድ ለመፈለጊያ በመዝገብ ውስጥ ብቻ ይቀመጡ።

ጥያቄ፦ በጂፒኤስ የወሰድኩትን ነጥብ በ1፡50,000 የድሮ የወረቀት ካርታ ላይ ሳሰፍረው መንደሩ ከወንዙ ማዶ ይሆንብኛል። ጂፒኤሱ ተበላሽቶ ነው? (ከአርባ ምንጭ)

መልስ፦ አልተበላሸም። የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ካርታዎች አዲንዳን በተባለው የቦታ መለኪያ መነሻ (ዳተም) የተሠሩ ናቸው፤ ስልክዎ የሚጠቀመው ግን ዓለም አቀፉን ነው። የሁለቱ ልዩነት መሬት ላይ ከ100 ሜትር በላይ ነው፤ መንደርን ወንዝ ለማሻገር ይበቃል። የወረቀቱን ካርታ ኮምፒውተር ውስጥ ሲያስገቡ መነሻው አዲንዳን መሆኑን ይንገሩት፣ ከዚያ ይለውጠው። አገራችን ደግሞ በሦስት የዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚለካው አሠራር) ዞኖች፣ በ36፣ በ37ና በ38 ላይ ተዘርግታለች። የጋምቤላን ነጥብ በ37 መዝግበው ከሆነ ሌላ መዛባት ይመጣል። መረጃውን በዲግሪ ይያዙት፤ ወደ ሜትር የሚቀይሩት ርቀት ሲለኩ ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ የጠፉ ቋንቋዎች ካርታ ላይ መግባት አለባቸው? ደግሞስ መስማት የተሳነው ልጄ የሚግባባበት የምልክት ቋንቋ በየትኛውም ካርታ ላይ አላየሁም። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የጠፉት ይግቡ፤ ግን ዓመት ይዘው። ጋፋት በጎጃም በዓባይ አካባቢ ይነገር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1947 የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው በብዙ ፍለጋ ያገኙት አራት ተናጋሪ ብቻ ነው። ይህ በክፍት ክብና በዓመቱ ይገለጻል፤ ከሕያዋኑ ጋር በአንድ ቀለም ግን አይቀባም። ግዕዝም አፉን የፈታበት ሰው ባይኖርም በቅዳሴና በአብነት ትምህርት ቤት ሕያው ስለሆነ፣ ጠፉ ከተባሉት ጋር አይደመርም። የራሱ ምልክት ይሰጠው።

የምልክት ቋንቋውን በተመለከተ ቅሬታዎ ትክክል ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው፤ በእጅ የተጻፈ አማርኛ አይደለም። ከካርታ የሚቀረው መሬት ስለሌለው ነው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች በየከተማው ተበትነው ነው የሚኖሩት፤ አብዛኞቹም የተወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ስለሆነ ቆጠራ ሲመጣ አባወራው የቤቱን ቋንቋ ይናገርላቸዋል። ሊሰፍር የሚችለው ቋንቋው በሚተላለፍባቸው ቦታዎች ነው፦ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ባሉባቸው ትምህርት ቤቶችና ልዩ ክፍሎች፣ በማኅበሮቻቸው ጽሕፈት ቤቶች፣ በምልክት በሚሰበክባቸው የጸሎት ቦታዎች። በባሕር ዳር እነዚህን ለመዘርዘር ከልጅዎ መምህራን ይጀምሩ። በየቦታው ስንት ሰው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚገናኝ ይመዝግቡና የክቡን ስፋት በእሱ ልክ ያድርጉት።